ጤፉንም ተው ተባልኩ

ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልገፋሁም። ያናደደኝን ነገር ግን አልረሳም።

በደርግ ጊዜ፣ ለቡ ገና ማሳ ሳለ፣ እኔና ባለቤቴ ላፍቶ በአንዲት የቀበሌ ቤት እንኖር ነበር። ሥራዬ ንፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጭነት ማውረድ ነው። ሆዴ ተበላሸ። ተበላሸ ስል የአንድ ሰሞን ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ክረምት አልፎ በጋ መጣ፣ እሱ እንዳለ ነው። የበላሁት አይረጋልኝም፣ ይነፋኛል፤ ሱሪዬን በገመድ እስካስር ድረስ ከሳሁ። ኮሶ ጠጣሁ፣ ጠበል ገባሁ፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ሆስፒታል አንድ ፈረንጅ ሐኪም ቱቦ አስውጦ ከአንጀቴ ቆንጥሮ አየ። የምታስተረጉመው ነርስ፣

“ሴሊያክ የሚባል በሽታ ነው። ስንዴና ገብስ አንጀትዎን ይጎዳዋል፤ ዕድሜ ልክዎን እንዳይቀምሱ” አለችኝ።

“ጤፍስ?”

ጠየቀችው። ሰውየው ጤፍ ምን እንደሆነ አያውቅም! በጣቷ ጫፍ ትንሽነቱን ብታሳየው ትከሻውን ነቀነቀና፣ “ይብሉና እናያለን” ብሎ ለሌላ ጊዜ ቀጠረኝ።

መናገር ቀላል ነው። ቀበሌ የሚያድለን ስንዴ ነው፣ ጤፍ ደግሞ በኬላ እንደ ልብ አያልፍም። ፉሪ የሚያርሰው የባለቤቴ ወንድም ትንሽ ትንሽ በአህያ እያመጣ ባይደርስልኝ አልቆልኝ ነበር። ወፍጮ ቤት ከሁሉ ቀድሜ እሰለፋለሁ። ድንጋዩ ስንዴ ይዞ ስለሚያድር መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት ወስጄ ለዶሮ እበትናለሁ። ባለወፍጮው፣ “አንተ ሰው፣ በዚህ ዘመን ጤፍ ለዶሮ?” እያለ ያላግጥብኛል። አሮጌውን ቡሃቃም ገብስ የለመደ ነው ብዬ ሰበርኩት።

“እርሾዬንም አብረህ ደፋኸው! በምን ላቡካ?” ብላ ባለቤቴ ጮኸች።

“ከጎረቤት ተዋሺያ!”

እርሾ መዋዋስ በሰፈራችን እንደ እሳት መጫጫር ነው፤ ማንም ማንንም አይከለክልም። አጥር የምንጋራቸው ሴትዮ ደግሞ “ከነጭ ጤፍ በቀር ቡሃቃዬ አያውቅም” የሚሉ ናቸው፤ ሰፈሩ በዚህ ያውቃቸዋል። ከእሳቸው የተሻለ ከየት ይመጣል? አዲሱ ቡሃቃ አላቦካም እያለ ስላስቸገረ፣ ባለቤቴ ባቦካች ቁጥር በጣሳ ከእሳቸው ታመጣ ጀመር።

የሰው ነገርማ አይነሳ። ማኅበር ስሄድ ዳቦው ስንዴ፣ ጠላው ገብስ፣ ቆሎው ገብስ። “በሞቴ፣ ይቺን ቁራሽ ብቻ!” ይሉኛል። “እናንተ በሞቴ ስትሉ የእኔ ሞት አይቆጠርም?” እላለሁ። ኮራ ብለው አሙኝ። የፋብሪካ ጓደኞቼ ሻይ ቤት ስገባ፣ “ስንዴ የማይወድ አድኃሪ ሆድ መጣ!” ብለው ይስቃሉ። እኔ ጥግ ይዤ ባዶ ሻይ እጠጣለሁ።

ይህን ሁሉ ችዬ ሆዴ እንደነበረው ሆነ። በቀጠሮዬ ሐኪሙ መዘነኝና ፊቱን አጠቆረ።

“እውነቱን ይንገሩን፣ ዳቦ ይበላሉ?” አለችኝ ነርሷ።

“አልበላሁም አልኩ እኮ!”

ተነጋገሩ። “እንግዲያው ጤፉ ነው። ጤፉንም ይተዉ ብሏል። ሩዝና በቆሎ ይብሉ።”

“ሩዝ የት አለና? ጤፍ ምንም አላደረገኝም በይው! ምን እንደሆነ እንኳ የማያውቀውን እህል በምን አወቀና ነው የሚከለክለኝ?” ብዬ በሩን ወርውሬው ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ማሰብ ጀመርኩ። እንጀራ ተከልክዬ ከሰው ጋር በምን ገበታ ልቀርብ ነው? ደግሞስ እውነቱን ቢሆን?

ቤት ገብቼ ጋደም እንዳልኩ ጎረቤታችን ሊጠይቁኝ መጡ፤ በሳህን እንጀራ በሽሮ ይዘዋል።

“ከነጩ ነው ጋሼ፤ ትንሽ ይቅመሱ።”

“እትዬ፣ የመጨረሻዬ ነው። ጤፉንም ተው ተብያለሁ” ብዬ ቆረስኩ።

“ጤፉን? ጤፍ ምን በወጣው?”

“ከጤፍ ሌላ ስላልበላሁ፣ የሚያሳምምህ እሱ ነው አሉኝ።”

ቁራሹን ወደ አፌ ሳቀርብ ሴትዮዋ እጄን ያዙኝ።

“አይብሉት። ገብስ አለበት።”

“ምን?”

“ግማሽ በግማሽ ነው። ጤፍ ከየት ላምጣ፣ ስንት ልጅ ይዤ! ገብሱ ነጭ ነው፣ አያሳብቅም። ለሰው መናገሩ አሳፈረኝ።”

ባለቤቴ ደረቷን መታች። “እርሾው! ወይኔ፣ እርሾው!”

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ወጡ። እኔ መጮህ ፈልጌ ነበር፤ በማን ላይ እንደምጮህ ጠፋኝ። ዝም ቢሉ እኮ ማንም አያውቅባቸውም ነበር።

በማግስቱ ባለቤቴ ቡሃቃውን በፈላ ውኃ አጥባ፣ የወንድሟን ጤፍ ብቻ በጥብጣ፣ ራሱ እስኪቦካ ተወችው። መጀመሪያ የወጣው እንጀራ ዓይን የሚባል የለውም፤ ድፍን፣ እንደ ጎማ የሚሳብ። እያጉረመረምኩ በላሁት። ሆዴ ዝም አለ። ሳምንታት አለፉ፣ አሁንም ዝም። ገመዱን ከሱሪዬ ፈትቼ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። መዘነኝና ለነርሷ አንድ ነገር አላት።

“ጤፉን ይብሉ ብሏል።”

“እኔ መቼ ተውኩና!”

ጎረቤታችን ብዙ ጊዜ እግራቸው ከቤታችን ጠፋ። አንድ ቀን ጣሳቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ፤ እርሾአቸው ተበላሽቶባቸው ነው። ባለቤቴ አየችኝ።

“ስጪያቸው። ጣሳቸው ግን ቡሃቃችን ውስጥ እንዳይገባ፤ በእኛው ጭልፋ ቅጂላቸው” አልኩ።

“ጋሼ፣ እኔም እንደ ስንዴ ተከለከልኩ?”

“እርስዎ ይግቡ፣ ይቀመጡ። ጣሳው ነው የማይገባው።”

አልተቀመጡም፤ እርሾአቸውን ይዘው እየተቆጡ ሄዱ። ይቆጡ። እኔ ጤፌን በላሁ።