የእናቴ ዳቦ ዛሬ በታናሼ እጅ ተቆረሰ

አባታችን ካረፉ ወዲህ በእናቴ ቤት ዳቦ የምቆርሰው እኔ ነኝ። ዛሬ ቢላዋው ለታናሽ ወንድሜ ተሰጠ።

ወንድሜ ነርስ ነው። በምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ ሕሙማንን በበጎ ፈቃዱ ሲያስታምም ከርሞ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ገባ። ከመናኸሪያው እስከ ቤታችን በባጃጅና በጋሪ ታጅቦ መጣ። እኔ በዚያው መንገድ ዘመኔን ሁሉ በእግሬ ስመላለስ ቀና ብሎ ያየኝ የለም።

«ዛሬስ እሱ ይቁረስልን፤ አንተ ሁልጊዜም አለህ» አሉኝ እናቴ። ምስጋና ይሁን ስንብት እስካሁን አልለየሁትም።

ወንድሜ ቆረሰ። ሲያወድሱት የቆዩት ጎረቤቶች ግን እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አላወጡም።

«ተመርምሬ፣ ነጻ ተብዬ ነው የመጣሁት» አለ በዝግታ። ማንም አልተነቃነቀም። ቢላዋውን ወደ እኔ አዞረው። «አያ፣ አንተው ቁረስላቸው።»

ስመኘው የዋልሁት ቦታዬ ተመለሰልኝ። እንዲህ ሆኖ ሲመለስልኝ ግን መቀበል ነውር መሰለኝ።

ቢላዋውን ትቼ እርሱ ከቆረሰው አንስቼ በላሁ። ያን ጊዜ ሌላውም እጁን ዘረጋ፤ ውዳሴውም እንደገና ለእርሱ ቀጠለ።

ዳቦው ጣፈጠኝ ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ታናሻችሁ የቀደማችሁ ወዳጆቼ፣ ለእናንተስ እንዴት ወረደላችሁ?