በዱላ የተቆጠሩ አንባቢዎች

ቆቦ የወረድኩት አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ካርቶን ባዶ ቅጽ ይዤ ነው። ልብሱ ለቆቦ ሙቀት አልሆነም። ቅጹም ያው ነው።

ዓመቱ ስልሳ ስድስት ነው። ገና መመረቄ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ቤተ መጻሕፍት ስታቲስቲክስ ነው፤ ስንት ሰው ገባ፣ ስንት መጽሐፍ ወጣ፣ አንባቢው ስንት ሰዓት ቆየ። ቁጥር የማይዝ ቤተ መጻሕፍት መጋዘን ነው ብዬ ጽፌ፣ አስተማሪዬ ከሥሩ ስላሰመረበት እውነት መሰለኝ። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቆቦ ላይ፣ ለመምህራንና ለአገልግሎት ለሚላኩ ተማሪዎች የከፈታት አንዲት የንባብ ክፍል ነበረችው። እዚያ ኃላፊ አድርገው ላኩኝ። የምመራው ሠራተኛ አንድ ዘበኛ ብቻ ነው።

ዘበኛችን አባቴን የሚያህሉ ሰው ናቸው። ቀን ሙሉ በረንዳው ላይ፣ ከውሃው በርሜል አጠገብ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። በመጀመሪያው ቀን ሥራቸውን በደንብ አስረዳኋቸው፤ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የሚገባውን ሰው መቁጠር። ማታ ልዘጋ ስል ጠየቅኳቸው።

«ዛሬ ስንት ሰው ገባ?»

«ደኅና ነው።»

«ደኅና ቁጥር አይደለም፣ ጋሼ።»

«ብዙ ነው በያ።»

«ብዙም ቁጥር አይደለም!»

«እንግዲያ ቸኩለሻል እቴ። ነገ እናየዋለን።»

በማግስቱም ያው ነው። በሦስተኛው ቀን ስጮህባቸው ነገሩ ወጣ። ሰው አይቆጠርም። ልጅ አይቆጠርም፣ ከብት አይቆጠርም፣ በር ላይ ቁጭ ብሎ የሰው ራስ መቁጠርማ ጭራሽ ነውር ነው። ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«እዚያ መጠለያው በር ላይ፣ ጠዋት ጠዋት ማንን እንደሚቆጥሩ አይተሻል?» አሉኝ።

አይቻለሁ። ከዳገቱም ከቆላውም እርዳታ ፍለጋ የመጣው ሰው መንገድ ዳር በተሠራው መጠለያ ያድራል። ሲነጋ በጋቢ ተገንዘው የሚወጡት ይቆጠራሉ። ቅጼን አጣጥፌ ወደ ውስጥ ገባሁ። እኔን ማሸነፍ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

የተሸነፍኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ራሴ ልቁጠር ብዬ ወንበር አወጣሁና ቅጹን ጭኔ ላይ ዘርግቼ በር ላይ ተቀመጥኩ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፣ ፊቴ ሰልፍ ቆመ። ወረቀትና እስክሪብቶ የያዘች ሴት በር ላይ ያየ ሁሉ የእህል ምዝገባ መስሎታል። አንዲት እናት የአራት ልጆቿን ስም ነግራኝ ጨርሳ «ጻፍሽው?» ብላ ታየኛለች። እንዴት አድርጌ «አይ፣ ይሄ ስታቲስቲክስ ነው» እላታለሁ?

ዘበኛችን ተነሥተው ሰዉን በለሆሳስ አስረዱ፣ ውሃ በጣሳ አጠጡ፣ ሸኙ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«እስክሪብቶሽን ደብቂው፣ የኔ ልጅ። በዚህ ዓመት እስክሪብቶ ሰው ያስጎመጃል።»

ይኼን ስናደርግ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። አንባቢ ያልበዛበት የንባብ ክፍል ይዘጋል፤ መጻሕፍቱና ኃላፊው ይመለሳሉ፤ ዘበኛው ይሰናበታል። ለኔ ምንም አልነበረም፣ ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ መሳፈር ነው። በእሳቸው ቤት ግን በዚያች ደመወዝ የሚበላው ዘጠኝ ሰው ነው፤ ከዳገት የወረዱትን የእኅታቸውን ልጆች ጨምሮ። ዘጠኝ መሆናቸውንም የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም። ቤታቸው ሄጄ እኔው ነኝ በልቤ የቆጠርኩ። ይቅር ይበለኝ።

ደብዳቤውን ሳነብላቸው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ዱላ ዳበሱ።

«ዱላ ቢቆጠርስ?»

«የምን ዱላ?»

የራያ ሰው ያለ ዱላ ከቤት አይወጣም። እኛ ክፍል ደግሞ ዱላ ይዞ መግባት ክልክል ነውና የሚገባ ሁሉ በረንዳው ግድግዳ ላይ ያስደግፈዋል። ሰው ካልተቆጠረ ዱላው ይቆጠራል። ዱላ ቢቆጠር ምን ይሆናል? ምንም አይሆን።

ከዚያ ወዲያ ቅጼ ሞላ። ዘበኛችን ማታ ማታ «ዛሬ አሥራ ስምንት እንጨት» ይሉኛል፣ እኔ «አሥራ ስምንት አንባቢ» ብዬ እጽፋለሁ። የራሳቸውን ዱላ አይቆጥሩትም፤ እሱ ጉልበታቸው ላይ ነው።

ዱላው ሁሉ አንባቢ ነበር ወይ ካላችሁ፣ አልነበረም። ገሚሱ የመጣው ለጥላው ነው፣ ገሚሱ ለውሃው። ግን ገብተው አግዳሚው ላይ ሲቀመጡ ባዶ እጅ መቀመጥ ያሳፍራቸዋል፣ አንድ አንድ መጽሐፍ ያነሣሉ። ከአጠገባችን ከዋጃ የመጡ አንድ ሽማግሌ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ዘቅዝቀው ይዘው ግማሽ ቀን ተቀመጡ። አንድ ቀን ከመደርደሪያው ጋዜጣ አምጥተው ሰጡኝ።

«ስለኛ አገር ድርቅ የሚል አለበት?»

ከፊት እስከ ኋላ አገላበጥኩት።

«የለበትም፣ አባቴ።»

«እንግዲያ መልሽው» ብለው ወደ ሕጋቸው ተመለሱ።

ለዚህ ጥያቄ ቅጹ ላይ ቦታ ፈለግኩ፤ የለም።

አዲስ አበባ ግን ቁጥሬን ወደደው። በጣም ስለወደደው ተቆጣጣሪ ላከ። ከረባት ያሰረ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው፣ ላቡ እየተንቆረቆረ ከአውቶቡስ ወረደ። ቀኑ እንዴት ያለ ቀን መሰላችሁ! ጠዋት እህል የጫነ መኪና መጠለያው ገብቷል። ግፊያ ስላለ ዱላ ይዞ መሰለፍ አይፈቀድም። ታዲያ የዱላ ታማኝ ጠባቂ ማን ነው? የኛው ዘበኛ። ወንዱ ሁሉ ዱላውን እኛ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ሄደ።

ተቆጣጣሪው ሲደርስ ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዱላ ነው። ወደ ውስጥ ዘለቀ። አንድ ሰው የለም። ዝንብ ብቻ።

«አንባቢዎቹ የት አሉ?»

እኔ ቅጾቹን ሳቀርብለት ዘበኛችን ቀደሙኝ።

«አንባቢ እኔ አልቆጥርም፣ ጌታው። እንጨት ነው የምቆጥር።»

አለቀልን አልኩ። ተቆጣጣሪው ቅጾቹን አገላበጠ። «ሴት የሚለውም ባዶ ነው። በአምስት ወር አንዲት ሴት አልመጣችም?»

«ይመጣሉ» አልኩ። «ዱላ ስለማይዙ ነው።»

እንግዲህ ያን ጊዜ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው፤ ድሮም ብዙ አልነበረኝም። ሁሉንም ዘረገፍኩት። ሰው በዚህ ዓመት ለምን መቆጠር እንደሚፈራ፣ የተሰለፈችብኝን እናት፣ የሽማግሌውን ጋዜጣ። «ክፍሉን ይዝጉት፣ መብትዎ ነው። ነገር ግን ጥላ ሽቶ የመጣ፣ ውሃ የጠጣ፣ ጠይቆ መልስ ያጣ የሚል ቦታ የሌለው ቅጽ ሰጥታችሁ፣ እኒህን ሰው በኔ ውሸት አታባርሯቸው። ዱላውን አንባቢ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ከረባቱን አላላ። ሙቀቱ አሸንፎት አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ዘበኛችን ውሃ በጣሳ አቀረቡለት፣ ጃንጥላውን ከእጁ ተቀበሉና ከዱላዎቹ መጨረሻ አስደገፉት። አውቶቡሱ እስኪመለስ ድረስ ከጥላው አልተነሣም። አንድ ጋዜጣም አነሣና እንደ ሽማግሌው ከፊት እስከ ኋላ አገላበጠ። እሱም ስለ ድርቁ የሚል አላገኘበትም፤ ሲያጥፈው ከፊቱ አየሁት።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። እኔ በጽሑፍ ተገሥጫለሁ፤ ይገባኛል። ክፍሉ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ለዘበኛችን አነበብኩላቸው።

«ድገሚልኝ እስቲ።»

ደገምኩላቸው። ታች ላይ «የሠራተኛ ብዛት፦ ሁለት» ይላል።

«ሁለት ማነው?»

«እኔና እርስዎ።»

«ቆጠሩን?»

«ቆጠሩን፣ ጋሼ። ካልቆጠሩን ደመወዝ የለም።»

አማተቡ። ደብዳቤውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት፤ ፊደል አያውቁም። ከዚያ ተነሡና ለመጀመሪያ ጊዜ ዱላቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው፣ ከሌሎቹ ዱላዎች ጎን ግድግዳው ላይ አስደገፉት።