የተላገው በርጩማ

መሮ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። እንጨት ጠራቢ ስለሆነች በእጇ መሣሪያ ነው የተጠራችው የሚሉ አሉ፤ የቀመሷት ግን ለምላሷ ነው ይላሉ። ሙያውን ከአባቷ ተምራ፣ ከቤታቸው ደጃፍ ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ መቀመጫና ሙቀጫ ስትጠርብ ትውላለች። ዋጋ የሚያራክስ ደንበኛ ሲገጥማት፣ ይሄ እንጨት ገና ዛፍ ሳለ ካንተ የተሻለ ሰው ጥላው ሥር ተቀምጧል ትለዋለች። ደንበኛው ስቆ ይገዛል።

በቤቱ አንድ የማይሸጥ በርጩማ አለ። ቅድመ አያቷ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው ያወጡት፣ ሦስት እግር ያለው፣ ዙሪያውን የተቀረጸ በርጩማ ነው። የቤቱ ታላቅ ካልሆነ ማንም አይቀመጥበትም። አባቷ እንግዳ የሚቀበሉትም የተጣላ የሚያስታርቁትም እዚያ ላይ ሆነው ነው። ከእሳቸው በኋላ ለማን እንደሚያልፍ የተናገሩት ነገር የለም። አክስቷ ግን ሳይጠየቁ፣ ለታናሽ ወንድሟ ነው፣ ወንድ እሱ ነው ይላሉ። ወንድሟ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሚስማር ሲመታ ጣቱን የሚያገኝ ሰው። መሮ ለእኔ ይገባኛል ብላ አፍ አውጥታ ተናግራ አታውቅም እንጂ፣ ያንን በርጩማ እንደ እሷ የተመኘው አልነበረም።

ወንድሟ ሊያገባ ነውና የእጮኛው ወላጆች የሚመጡበት ቀን ደረሰ። ጠዋት አባቷ አንዱ እግር መሰንጠቁን አሳይተዋት፣ አጣብቂልኝ ብለው ወጡ። አጣበቀችው። አመል ያወጣል ከመሀል እንዲሉ፣ እጇ ግን እዚያ ላይ አልቆመም። መቀመጫው ወደ ግራ አጋድሎ ጎድጉዷል፤ ዓይኗን ቆረቆራት። እንዲህ ያለውን ለደንበኛ ብትሰጥ ኖሮ መሬት ተሰንጥቆ በዋጣት። ላገችው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸችው፣ ዘይት ቀባችው። ትናንት የተሠራ መሰለ። እያፏጨች ሳሎን አስገባችው።

አክስቷ ሲያዩት ራሳቸውን ያዙ።

“ያ ጉድጓድ እኮ አባቶችሽ ናቸው። ሲቀመጡበት ኖረው ነው የጎደጎደው። ልገሽ ጣልሻቸው?”

መሮ ክው አለች። ሽርጧ ላይ የተጣበቀውን ፍቅፋቂ ቁልቁል አየች። የተላገ እንጨት ተመልሶ አይለጠፍ። አባቴ ከእንግዲህ እንኳን በርጩማውን፣ ሱቁንም አያምኑኝም ብላ ፈራች።

አባቷ ገቡ። ዓይናቸው ደከም ብሏልና መቀመጫውን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ አንዴም ሁለቴም። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አለቀሱ ብላ ልትንበረከክ ስትል፣ ለካስ እየሳቁ ነው።

“የማን ጉድጓድ መሰላችሁ? የኔ ነው እኮ። ወገቤን ከታመምኩ ወዲህ በግራ የምጋደለው እኔ ነኝ።” እንባቸውን ጠረጉ። “አባቴ ሲሰጡኝ የሳቸው ጉድጓድ ነበረበት። አላስቀምጥ ቢለኝ በዚያው ቀን ላግሁት። እሳቸውም ያባታቸውን ልገዋል።”

አክስቷ ይህን ሰምተው እንደማያውቁ ተናገሩ። አባቷም የጠራቢ ዘር እንደሆኑ፣ በሰው እጅ ሥራ ላይ ዝም ብሎ መቀመጥ የቻለ በቤቱ እንዳልተወለደ አስረዷቸው። ከዚያም የፕላስቲክ ወንበር ሳብ አድርገው ተቀመጡ።

“በይ፣ የላገ ነው የሚቀመጥበት።”

“አባዬ፣ እርስዎ እያሉ?”

“እኔ መደገፊያ ያለው ነገር አምሮኛል። ተቀመጪ።”

አክስቷ ራሳቸውን እየነቀነቁ ገለል አሉ። መሮ ፍቅፋቂ የሞላበት ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ ተቀመጠች። ከደስታዋ ብዛት እንባዋ ወረደ፤ አልደበቀችውም።

በዚህ መሃል እንግዶቹ ገቡ። የእጮኛው አባት ለቤቱ ታላቅ ሰላምታ ሊያቀርቡ ወደ መሮ አባት ሲያመሩ፣ የመሮ አባት በአገጫቸው ወደ በርጩማው አመለከቱ። ሰውየው ዞሩ፤ ኮፍያቸውን አወለቁና ለመሮ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ።