«አረፈ» ተብዬ የወጣሁት ተራራ

ከአሰላ የተነሳሁት ሐሙስ ማለዳ ነው፤ ለለቅሶ። ረቡዕ ዕለት፣ ጭላሎ ተራራ ላይ የሚኖረው የወዳጄ የቃሲም ልጅ ፋጡማ ገብስ ልትሸጥ ወርዳ ሱቄ በር ላይ ቆመችና፣ «ጋሼ፣ አባባ አረፈ» አለችኝ። ሚዛኑ ከእጄ ወደቀ። ቀና ስል በሰዉ መሐል ሄዳለች።

ያስጨነቀኝ ሞቱ ብቻ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ቃሲም በገበያ ቀን «አባቴ ዛሬም ያርሳል» ሲለኝ፣ «አንተ ራስህ ስልሳን አልፈህ የምን አባት! ውሸታም!» ብዬ ገበያውን ሁሉ አሳቅሁበት። ከዚያ ወዲህ ሱቄን ረግጦ አያውቅም። ይቅርታ ሳልጠይቀው ሞተብኝ።

ዳገቱ

በቅሎ በሁለት ብር ተከራየሁ። የካሚዮኑን መንገድ ትቼ በገብስ ማሳ መሐል ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ምንጭ ዘንድ ብጠጣ ውሃው ጥርሴን አደነዘዘው። ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ አሮጊት እንስራ አዝላ ስታልፈኝ፣ «አንተ ልጅ፣ የምታለከልከው አንተ ነህ በቅሎዋ?» አለችኝ። ልጅ! እኔን!

ስምንት ሰዓት

አጥሩ ዘንድ ስደርስ ነጠላዬን አዘቅዝቄ «ወንድሜን! ቃሲም ወንድሜን!» እያልኩ ደረቴን መታሁ። ከጓሮ ቀንበር የተሸከመ ሰው ብቅ አለ። ቃሲም ራሱ!

«ማን ሞተ?» አለ ደንግጦ።

«አንተ!»

«እኔ? መቼ?»

ፋጡማ ሮጣ ወጣች። «ጋሼ፣ አባባ የምለው አያቴን ነው!»

እንግዲያው አባትየው ናቸው ብዬ ለቅሶውን እንደገና ልጀምር ስል፣ ከውስጥ «ያ የሚጮኸው ማነው?» የሚል ወፍራም ድምፅ መጣ። ገባሁ። ሽማግሌው እግራቸውን በጨርቅ ጠምጥመው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። በሬ ረግጧቸው ከእርሻ አርፈዋል። ልጅቷ የነገረችኝ ይህንኑ ነበር! እነሱ ቤት የሽማግሌው ሥራ መፍታት ትልቅ ወሬ ነው።

ጭኮ ቀረበልን፤ በቅቤ የተለወሰ የገብስ ዱቄት ነው። ዕድሜያቸውን ብጠይቅ አያውቁትም። ቃሲም ግን ሁለት ታላላቅ እህቶች አሉት፤ አንደኛዋ ያቺ ባለ እንስራ ናት።

«ምን በልተው ነው እዚህ የደረሱት?» አልኳቸው።

«ገብስና ወተት። ደግሞ ማሳው ቁልቁል ነው፣ ቤቱ ሽቅብ። ሜዳ ላይ ብሆን ድሮ ሞቼ ነበር።»

የቃሲምን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ወደኋላ ሸሸ። «በገበያ ሰድበኸኝ በጓዳ ይቅርታ?»

ቁልቁለቱ

ዓርብ በቅሎዋን እየሳብኩ በእግሬ ወረድኩ። ዕድሜን ፈጣሪ ብቻ የሚሰጥ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዳገቱም ያግዛል።

ቅዳሜ ገበያው መሐል ቆሜ፣ «ቃሲም አልዋሸም! አባቱን በዓይኔ አየኋቸው፤ እስካለፈው ሳምንት ያርሱ ነበር!» አልኩ። ነጋዴው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። «ጋሼ፣ እርስዎም በስተርጅና ውሸት ጀመሩ?» አለኝ አንዱ። ገብስ ሊሸጥ የወረደው ቃሲም ከጆንያው ላይ ተነስቶ አጠገቤ ቆመና፣ «ተዋቸው፤ ያን ቀን እኔም እንዲህ ብቻዬን ነበርኩ» አለኝ።