ከሶሎሎ ሆኜ ያጠፋሁት የሰርግ ጥሪ

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ፊት ቀና ብዬ ማውራት የሚከብደኝ ሴት ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ግን አላፍርም።

ያኔ ከቤት ርቄ ሶሎሎ በምትባል ከተማ አስተምር ነበር። ሞያሌ ቤታችን የተውኩትን ኮምፒውተር በኢንተርኔት ከሩቅ የሚከፍትልኝ ፕሮግራም ጭኜበት ስለነበር፣ አንድ ቅዳሜ እዚያ ያስቀመጥኩትን ፈተና ላወጣ ከላፕቶፔ ገባሁ። ስክሪኑ ላይ ፊደሎች አንድ በአንድ እየተለቀሙ ይጻፋሉ። ከቤታችን ሰው እንዲህ እየለቀመ የሚጽፈው አጎቴ ብቻ ነው። የሚጽፈው የሰርግ ጥሪ ነው፤ ሙሽራዋ እኔ! ሙሽራው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አናግሬው የማላውቅ፣ ሄሉ የሚባል መንደር የሚኖር ከብት ነጋዴ።

ስሜን አጠፋሁት። መልሶ ጻፈው። ደግሜ አጠፋሁት። ስልኬ ጮኸ፤ አጎቴ ነው።

"ስሚ እንጂ፣ አንቺ የተማርሽው! ይኼ ኮምፒውተርሽ ጽሑፍ ይበላል!"

"ምን እየጻፉ ነው ጋሼ?"

"የንግድ ነገር ነው።"

"እንግዲያው ስቲማው ይሆናል፤ መብራቱ ሲዋዥቅ እንዲህ ያደርገዋል" አልኩት በትሕትና።

ስልኩን እንደዘጋ፣ በስሜ ቦታ "ሙሽራዋ አልተጠየቀችም፤ ብትጠየቅም እምቢ ትላለች" ብዬ በትልልቁ ጻፍኩ። ጽሑፉንም እንዳለ ተውኩት።

ብዙም ሳይቆይ አባቴ ደወለ። የአባቴን ቃል ጥሼ አላውቅም። ያን ቀን ግን እምቢ ልለው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ቆምኩ።

"ልጄ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አጎትሽ ኮምፒውተሩን ረግሞ ሲያበቃ ጥሪውን እንደገና ሊጽፍ ተቀምጧል። ከዚያ ሆነሽ ኮምፒውተሩን ጨርሶ መዝጋት አይቻልም?"