የጀልባ ቅርጫ

የግዥ ሠራተኛ ነኝ። ሶዶ ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከወረቀት እስከ መኪና ጎማ የሚገዛው ነገር ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ሳልሰበስብ መጥረጊያ እንኳ ገዝቼ አላውቅም። ችግሩ እቤትም ያው መሆኔ ነው። ለሽንኩርት ሦስት ጉልት እዞራለሁ። ባለሱቆች ከሩቅ ሲያዩኝ «መጣ ደግሞ» ይባባላሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል፣ ባለቤቴ «የእኔው ሁለቱንም ሆኖ ነው የተፈጠረው» ትላለች።

ባለቤቴ ነርስ ናት። ያደገችው ዳሞታ ተራራ ወገብ ላይ ሲሆን፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከደጃቸው ቆማ አባያ ሐይቅን ከሩቅ እያየች ነው። እዚያ ውሃ ላይ አንድ ቀን እሄዳለሁ ስትል አርባ ዓመት ሞላት፤ ተጋብተን ሦስት ልጅ እስክንወልድ ድረስ አንድም ጊዜ ጀልባ ላይ አልወጣችም። ስንጋባ እወስድሻለሁ ብያት ነበር። ያኔ ዋጋው አልተስማማኝም።

አምና ለአንድ እሑድ ሐዋሳ ወሰድኳቸው። ሐይቁ ዳር ስንደርስ አንዱ ባለጀልባ ዋጋ ጠራ። እንደ ልማዴ ሳቅሁበትና ወደ ሁለተኛው ሄድኩ፤ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፤ የሦስተኛውን ዋጋ ይዤ ተመልሼ ወደ መጀመሪያው። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስከራከር ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋስ ተነሣ፣ ዝናቡ ወረደ፣ ጀልባዎቹም ታሰሩ። ዋጋውን ግን በግማሽ አስወርጄው ነበር። ይህን በኩራት ስነግራት ባለቤቴ የረጠቡትን ልጆች ይዛ ወደ መናኸሪያው ሄደች። በመልሱ ጉዞ ዲምቱ እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣትም። እዚያ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ሲቆም፣ «ከእንግዲህ ከአንተ ጋር ሽርሽር አልሄድም» አለችኝ። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት የሚጀምር የአራት ቀን ፈቃድ አገኘች። ሦስት ዓመት ሙሉ «ሰው የለም» እየተባለች የተከለከለችው ፈቃድ ነው። ቤት ተኝቼ ላሳልፈው አለች። ለመንኳት። ልጆቹንም አስለመንኳት። በመጨረሻ ጣቷን ቀስራ፣ «እሺ፤ ግን ውሃው ዳር ቆመህ አትከራከርም። የምትከራከረውን ሁሉ እዚሁ ሶዶ ጨርሰህ ነው የምንነሣው። እዚያ አንዲት ቃል ከሰማሁ ልጆቼን ይዤ በመጣሁበት እመለሳለሁ» አለች። እንደምታደርገውም አውቃለሁ።

ስለዚህ ክርክሩን በስልክ አደረግሁት። አርባ ምንጭ ላይ ከአባያ ጎን ያለውን ጫሞ ሐይቅን በጀልባ የሚያዞሩ የሦስት ሰዎችን ስልክ አፈላልጌ አገኘሁ። ፕሮፎርማ እንዲልኩልኝ ስጠይቅ አንደኛው ቀልድ መስሎት ሲስቅ ቆይቶ ዘጋብኝ፤ ሁለተኛው ፕሮፎርማ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሦስተኛው ታጋሽ ሰው ነበር። ክረምት ስለሆነ ጎብኚ እንደሌለ፣ ጀልባው ዝም ብሎ እንደታሰረ ከአፉ አምልጦት ነገረኝ፤ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፣ እሷኑ ቃል ይዤ አራት ቀን ደወልኩለት። ጠዋት ሻይ ሲጠጣ እደውላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። በአራተኛው ቀን፣ «ወንድሜ፣ ባወጣኸው የስልክ ካርድ እኮ ጀልባ ትገዛ ነበር» አለኝና ዋጋውን ቆረጠልኝ። ዋጋው ግን በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው፤ አንድ ሰውም ተሳፈረ አሥራ ሁለት፣ ሒሳቡ ያው። ለአንድ ቤተሰብ አሁንም ከበድ ይላል።

መፍትሔው የመጣልኝ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስለ መስቀል ሳስብ ነው። በሰፈራችን የመስቀል በሬ ቅርጫ ሰብሳቢ እኔ ነኝ። በሬውን ተከራክሬ የምገዛው እኔ፣ የሥጋው መደብ እኩል መሆኑን የማየው እኔ፣ ዕጣ የማስወጣው እኔ። በሬ ብቻውን ለአንድ ቤት ውድ ነው፤ ለብዙ ቤት ሲካፈል ግን ይረክሳል። ጀልባስ ምን ልዩነት አለው? በዚያው ምሽት ሦስት ጎረቤቶቼን አንኳኳሁ። አንደኛው ፊት ለፊታችን ያሉት፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለተኛው ልብስ ሰፊው ነው። ሦስተኛዋ ቅቤ ነጋዴዋ ናት። እሷ ሐሳቡን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ሥጋ የሌለው ቅርጫ ዛሬ ሰማሁ! ታዲያ ጉበቱ ለማን ነው የምትደርሰው?» አለችኝ። አማርኛዋ ወላይትኛ ወላይትኛ ይላል፤ በበሬም በላምም «እሷ» ማለት ይቀናታል።

«ጉበት የለውም። አንድ ድርሻ ነው የምትይዢው» አልኳት።

«አንድ ድርሻ ጻፈኝ በቃ።»

ሁሉም አንድ አንድ ድርሻ ያዙ። አራት ቤት፣ አራት ድርሻ። ዋጋውን ለአራት ስካፍለው ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ለባለቤቴ በወረቀት ጽፌ አሳየኋት፣ እሷም ወረቀቱን አይታ፣ እኔን አይታ፣ «ጥሩ ነው» አለች። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወደ አርባ ምንጭ ባዶውን የሚመለስ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስም በርካሽ አገኘሁ። ለማደሪያ ከሦስት ፔንሲዮን ዋጋ ጠይቄ ርካሹን መረጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት የተሳካ ግዥ ፈጽሜ አላውቅም።

በጉዞው ቀን ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ጋሼ ከባለቤታቸው፣ ከልጃቸው፣ ከምራታቸውና ከሦስት የልጅ ልጆቻቸው ጋር መጡ። ልብስ ሰፊው ሚስቱን፣ ሦስት ልጆቹንና ለክረምት ከዱቦ የመጣች እህቱን አስከትሏል። ቅቤ ነጋዴዋ ከአራት ልጆቿ ጋር ሆና ቅርጫት ሙሉ የተቀቀለ ቦዬ፣ ያን ድንች መሳይ ሥራ ሥር፣ እና አንድ ዕቃ የሚያቃጥል ዳጣ ይዛለች። እኛ አምስት ነን። አውቶቡሱ ሁሉንም ዋጠ። እኔ ከፊት ወንበር ዞር ብዬ የሕዝቡን ብዛት ሳይ ኩራት ኩራት አለኝ። ተበላ ከተማን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ልጆቹ ይዘፍናሉ፣ ቦዬው በዳጣ እየተጠቀሰ ይዞራል፣ ባለቤቴ በመስኮት በኩል አባያ ብቅ ባለ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች። መቁጠር የሚባል ነገር በአእምሮዬ አላለፈም።

ጫሞ ሐይቅ ዳር ስንደርስ ባለጀልባው ተቀበለን። በስልክ ከድምፁ የጠበቅሁት ሽማግሌ ነበር፤ ወጣት ሆኖ አገኘሁት። ከአውቶቡሱ የሚወርደውን ሰው እያየ ቆየ።

«ስንት ናችሁ?» አለኝ።

«አራት።»

«አራት ምን?»

«አራት ድርሻ ነዋ» አልኩት፤ ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው። በቅርጫ አንድ ቤት አንድ ድርሻ ነው። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ይኑር ዘጠኝ፣ ማንም አይጠይቅም፤ ሥጋው እቤት ከገባ በኋላ እንደበቃ ይብቃ። እኔም አልጠየቅሁም፤ እነሱም አልነገሩኝም። አሥራ ሁለት ሰው የሚለውን ቃል በስልክ ሰምቻለሁ፣ በእጄም ጽፌዋለሁ። ከራሴ ቤት የሚመጡትን አምስት ሰዎች እንኳ አልቆጠርኩም። ባለጀልባው በጣቱ እየጠቆመ ቆጥሮ ሃያ ሦስት አደረሰን።

«አሥራ ሁለት የአደጋ ጃኬት ነው ያለኝ። ያለ ጃኬት ሕፃን እንኳ አልጭንም» አለ።

ባለቤቴን ላለማየት መሬት መሬት አየሁ። ግን ዝምታዋን አውቀዋለሁ፤ ከሐዋሳ እስከ ዲምቱ ሰምቼዋለሁ። መከራከር እችል ነበር፣ ምላሴም በላኝ፤ ቃሏን አስቤ ዋጥኩት። ያዳኑኝ ጋሼ ናቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «ቅርጫ ከተባለ ቅርጫ ነው። ዕጣ ይጣል» አሉ። ባለጀልባው ሁለት ጊዜ ለማመላለስ ተስማማ፤ የነዳጁን ጭማሪ ሲጠራ እሺ አልኩ። በዕድሜዬ ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልከራከር እሺ ያልኩት ያኔ ይመስለኛል።

ከአራት ቤት አራት እንጨት ተለቅሞ ባርኔጣው ውስጥ ገባ። የጋሼና የቅቤ ነጋዴዋ ቤት ፊተኛውን ዙር አገኙ። የእኛና የልብስ ሰፊው ቤት ኋለኛውን። ጀልባው አሥራ ሁለቱን ይዞ ሄደ፣ ቅቤ ነጋዴዋም እጇን እያውለበለበች፣ «ጉበቱ ደረሰችኝ!» እያለች ጮኸች።

ይመለሳሉ በተባለበት ሰዓት አልተመለሱም። አዞዎቹ በርክተው አሸዋ ላይ የሚተኙበት ቦታ ደርሰው አልጠግብ አሉ፤ ይህን በኋላ ነው የሰማነው። እኛ ዳር ላይ ሆነን ውሃውን እናያለን። ከሰዓት ሲሆን ነፋሱ ይነሣል ብሎኝ ነበር ባለጀልባው፤ ተነሣ። መጀመሪያ የዛፉ ቅጠል ብቻ ነበር የሚነቃነቀው። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ነጭ ነጭ ማሳየት ጀመረ። ትንሹ ልጄ፣ «አባ፣ እንደ አምናው ሊሆን ነው?» አለኝ። ባለቤቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ለመሳፈር ተዘጋጅታ ቆማለች። ይህች ሴት ዛሬም ጀልባ ሳትወጣ ከቀረች ሁለተኛ ዋጋ የሚባል ነገር ከአፌ አይወጣም ብዬ ለራሴ ማልኩ። እግዜርንም ለመንኩ፤ እሱን እንኳ ሳልከራከር።

ጀልባው ተመለሰ። ባለጀልባው ከወረደ በኋላ ዞሮ ውሃውን አየ፣ ሰማዩን አየ።

«ፈጠን ካላችሁ አጭር ዙር አወጣችኋለሁ» አለ። «ግን በዚህ ሞገድ ከአሥር ሰው በላይ አልጭንም።»

እኛ አምስት፣ የልብስ ሰፊው ቤት ስድስት። አንድ ሰው ይተርፋል። ልብስ ሰፊው፣ «እኔ ልቅር፣ ግዴለም» ብሎ አፉን ሳይዘጋ የእኔን ጃኬት ለእሱ ወረወርኩለት። ባለቤቴ አንድ እግሯን ጀልባው ውስጥ አድርጋ ቆመች።

«አንተስ?»

«ግቢ፣ ነፋሱ ሳይበረታ።»

«ያለ አንተ?»

«ግቢ ብዬሻለሁ እኮ!» አልኳት፤ ተቆጣሁ እንኳ። ገባች። ሞተሩ ሲነሣ ደንግጣ የትልቋን ልጃችን ክንድ ጨብጣ ያዘች። ራቅ ሲሉ ለቀቀቻት። አሥሩ ብርቱካናማ ጃኬቶች ከዳር እየራቁ ሄዱ፤ የእሷን ከነጠላዋ ነው የምለየው። አንድ ጊዜ ቀስ ብላ እጇን ወደ ውሃው ስትሰድ አየሁ።

እፎይ አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ጋሼ ዞረው አዩኝ። ከአምና ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነሣልኝ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አገኘሁት ብዬ የተኩራራሁበት ርካሽ ዋጋ ሁሉ አንድ ላይ ቢደመር ይህን ያህል ደስ አላሰኘኝም። ዳር ላይ ተቀምጬ፣ ከቅቤ ነጋዴዋ የተረፈውን ቦዬ እየበላሁ፣ እስኪመለሱ ድረስ ዓይኔን ከእነሱ አላነሣሁም።

ሲመለሱ ልጆቹ ጉማሬ አየን እያሉ እየተጋፉ ወረዱ። ባለቤቴ መጨረሻ ወረደች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል፣ ፊቷ በራሪ ውሃ ነክቶታል፣ እንደዚያ ስትስቅ ካየኋት ቆይቷል። ወደ እኔ ትመጣለች ብዬ ተነሣሁ። እሷ ግን ወደ ባለጀልባው ሄደች።

«ነገ ጠዋት፣ ነፋሱ ሳይነሣ፣ ለአምስት ሰው ስንት ነው?»

የነገራት ዋጋ ለእኔ በስልክ ከሰጠኝ በእጅጉ የሚበልጥ ነበር።

«እሺ» አለችው። «የሌሊት ተረኛ የሠራሁበት የዲዩቲ ገንዘቤ ነው። ከባሌ ኪስ አይወጣም።»

ባለጀልባው ወደ እኔ ዞረ። አራት ቀን ሙሉ በስልክ ያደከመውን ሰው አሁን አንድ ነገር ይላል ብሎ ጠበቀ። ባለቤቴም ጠበቀች።

«እሷ እሺ ካለች እሺ ነው» አልኩት።