ጣሳዬን ባደርቅ

ዲግሪዬን ይዤ ሮቤ ሥራ ስጀምር አንድ ሐጂ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። ሐጂ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፦ «መጠጥ የሚባል ነገር በዚህ በር አይገባም። ከገባ ትወጫለሽ።» እሺ አልኩ። ክፍሉን በጣም ነው የምፈልገው፤ ከዚያ በፊት ያየኋቸው ቤቶች ሁሉ ጣሪያቸው ያፈሳል።

አንድ ቅዳሜ ውሃ የምቀዳበትን የወተት ዱቄት ጣሳ አጥቤ፣ እንዲደርቅ የአጥሩ እንጨት ላይ ደፋሁት። ጣሳ እንጨት ላይ ተደፍቶ ከታየ እዚያ ቤት ጠላ ይሸጣል ማለት እንደሆነ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ! ዩኒቨርሲቲ ስለ ምልክትና ትርጉም አንድ ሙሉ ኮርስ ወስጄ ኤ አግኝቻለሁ። ግን ማን ጣሳ እያጠበ ስለ ኮርስ ያስባል?

ትንሽ ቆይቶ ለስንዴ አጨዳ የመጡ ሦስት የኮምባይን ሠራተኞች ሰላም ብለው ገቡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የሐጂ እንግዶች መስለውኝ ሻይ አቀረብኩላቸው።

«እዚህ ቤት ሻይ ያስቀድማሉ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ዝም ብለህ ጠጣ» አለው ጓደኛው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «እህቴ፣ ጠላው ካልደረሰ ቅራሪም ይሆነናል።»

አፌን ሳልከፍት ሐጂ ከመስጊድ ደረሱ።

«አስተግፊሩላህ! ምንድን ነው ይሄ?»

«ጠላ ፈልገን ነው አባባ፤ ጣሳውን አይተን።»

ሐጂ ጣሳውን አዩ። እኔን አዩ።

«ወላሂ ላደርቀው ነው!» አልኩ።

«ሰፈሩ እነዚህ ሲገቡ አይቷል። እናንተ፣ ቀጥ ብላችሁ ውጡ! አንዳችሁ ብትንገዳገዱ ይቺ ልጅ ዛሬውኑ ዕቃዋን ይዛ ትወጣለች!»

ሦስቱም እንደ ወታደር ተሰልፈው ወጡ። ጎረቤት ሁሉ በየበሩ ላይ ቆሟል። ሁለቱ በሰላም አለፉ። ሦስተኛው እንዳይሳሳት እግሩን እያየ ሲራመድ እንቅፋት መታውና ወዲያ ወዲህ ዋለለ። ሐጂ ሮጠው ደገፉት። ሰውዬው ደግሞ ግንድ ነው! ተቃቅፈው፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተወላገዱ መንገዱን ተሻገሩ።

«ኡኡ! ሐጂም ጀመሩ?» አለች አንዷ ጎረቤት።

ሐጂ ሲመለሱ ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እየወጣሁ ነዋ!»

«ማን ውጪ አለሽ? አሁን ከወጣሽ እውነት ነበር ይላሉ፤ ያንቺ መሸጥም፣ የኔ መስከርም! ቁጭ በይ!»

ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ሐጂ ሁልጊዜ ጠዋት ውጭ በር ላይ ቆመው፣ ሳንሰክር ማደራችንን ሰፈሩ እንዲሰማ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ!» ብለው ይጮሃሉ። እኔም የጥርስ ሳሙናው ከአፌ ሳይወጣ «ፈያ ነኝ፣ ደህና ነኝ ሐጂ!» ብዬ እጮሃለሁ።